ለጀልባ የተተከለ ድንኳን

አያት ሰፈር ውስጥ ጀልባ አለን። ሳቁና ጨርሱ፤ እኔ አልቸኩልም። ሰፈራችን አምስት ወር ሙሉ ስቆ አልጨረሰም፤ እናንተ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ለማያውቀው ለማስረዳት ያህል፣ እኛ ያለንበት አካባቢ ከሐይቅም ከወንዝም ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ውሃ የምናየው በፈረቃ ነው፤ እሱም ሲመጣ ጀልባ ሊያንሳፍፍ ቀርቶ ባልዲ ለመሙላት ይግደረደራል።

ጀልባዋ የአማቴ ናት። አባባ ቱፋ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው ከዳር ወደ ደሴት፣ ከደሴት ወደ ዳር ሲያመላልሱ ኖረዋል። እማማ ካረፉ በኋላ ባለቤቴ ጫልቱ «አባዬ ብቻውን አይኖርም» ብላ ሁለት ዓመት ለመነቻቸው። በመጨረሻ እሺ ሲሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ጀልባዋ አብራ ትምጣ። እኔም በስልክ «ምን ችግር አለው አባባ፣ ቤትዎ እኮ ነው» አልኩ። ጀልባ ሲባል ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በሐሳቤ የመጣው የመታጠቢያ ሳፋ የሚያህል ነገር ነበር።

በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ያወረዷት አሥራ አንድ ጎረምሶች ናቸው። ግቢያችን መኪና ይቆምበታል ተብሎ የተሠራ ነው፤ መኪና ስለሌለን እስከዚያ ቀን ድረስ ልብስ ነበር የምናሰጣበት። ጀልባዋ ከገባች በኋላ ወደ ቤት የምንገባው በጎናችን ሆነን ነው። ወፈር ያለ እንግዳ ሲመጣ ግን በአንዱ ጎን ወጥቶ፣ ጀልባዋን አቋርጦ፣ በሌላው ጎን ይወርዳል። አባባ ታዲያ ልማድ ሆኖባቸው እጁን ይዘው ያሻግሩታል።

እንግዲህ የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። አባባ መጡ እንጂ ሻንጣቸውን አልፈቱም። ከነቁልፉ በሩ ሥር አስቀመጡት። ጫልቱ ልብሳቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ልትሰቅል ብትል አልፈቀዱም።

«ጀልባዋ እስከቆየች እቆያለሁ» አሉ። «እድሬ ዝዋይ ነው ልጄ። እዚህ ብሞት የሚቀብረኝ ሰው ስሜን እንኳ አያውቀውም።»

ጫልቱ ወደ ማድቤት ጎትታ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። «ጀልባዋ ከተበላሸች አባዬ ይሄዳል» አለችኝ። «ከሄደ ደግሞ ብቻውን ነው የሚሞተው። ያኔ ካንተ ራስ አልወርድም።» ይህቺ ሴት በትዳር ዘመናችን ሁሉ ስትቆጣ ትጮህ ነበር። ያን ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለተናገረች ፈራሁ።

ክረምቱ እንደምንም አለፈ። መስከረም ጠባ፣ ፀሐዩ ወጣ፣ አገር ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ጭንቀት ያዘኝ። የእንጨት ጀልባ ውሃ ውስጥ ስትኖር ጤነኛ ናት፤ የብስ ላይ ፀሐይ ሲመታት ግን ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ይህን የነገሩኝ አባባ ናቸው። ነግረውኝም ዝም አሉ። እሳቸው አንድ ነገር ብለው ዝም ሲሉ፣ ቀሪውን የኔ ሕሊና ሌሊቱን ሙሉ ሲናገር ያድራል። ስለዚህ ልሸፍናት ተነሳሁ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ሸራ ነው። ቦሌ ሚካኤል የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው አለ ተባልኩና ሄድኩ። ሰውየው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውርዶ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች ጠየቀኝ። ጀልባ ናት አልኩ። ስንት ጎማ አላት አለኝ። ጎማ የላትም ስለው ፊቱ ጠቆረና መቼ ነው የሰረቁህ ብሎ አዘነልኝ። ወረቀት ላይ ስዬ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ገባኝ አለ፤ ሳምንት ቆይቼ ስሄድ በጣም የሚያምር ሸራ ሰፍቶ ጠበቀኝ፤ ከኋላ በኩል ለሰሌዳ ቁጥር መታያ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ትቶለታል።

አለበስናት። ጥሩ ሆነ ብዬ ሁለት ቀን ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን አባባ የሸራውን ጠርዝ ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አስገቡና ቆዩ። ሲወጡ «ታፍናለች» አሉ። እውነትም ከውስጥ ላብ አልቧት፣ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ጀምራለች። ለካ ጀልባ ጥላ ትፈልጋለች እንጂ ብርድ ልብስ አትፈልግም። ከላይ የሚከልላት፣ ከጎን አየር የሚያስገባላት ነገር ያስፈልጋታል። ሸራውን አንስተው አጥፈው ሰጡኝ፤ ምንም አላሉም፣ ሕሊናዬ ግን የተለመደ ሥራውን ቀጠለ።

ጎኑ ክፍት የሆነ ጥላ ከሆነ የሚፈለገው፣ አራት እንጨት ተክሎ ቆርቆሮ መምታት ነው ብዬ ወሰንኩ። ይህን የወሰንኩት አገሬን የማላውቅ ሰው ስለሆንኩ ነው። የደጃችን ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱን ሲያጥለቀልቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ባለሥልጣን አላየንም። እኔ የመጀመሪያውን እንጨት አቁሜ አፈሩን ጠቅጥቄ ሳልጨርስ ግን ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አጠገቤ ቆመዋል። ፈቃድ አሉ። ወደ ወረዳ ሄድኩ።

የወረዳው ባለሙያ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ቅጹን አውጥቶ ምን ልትሠራ ነው አለኝ። በቅጹ ላይ ማድቤት አለ፣ የጥበቃ ቤት አለ፣ መጸዳጃ ቤት አለ፣ የጀልባ ቤት የለም። ሰሌዳዋን ጠየቀኝ፤ የላትም። ቦሎ ለጥፋለች ወይ አለኝ፤ አልለጠፈችም። ቀና ብሎ ካሰበ በኋላ ከየት እንደመጣች ጠየቀ። ከዝዋይ ስለው ፊቱ በራ። እንግዲያውስ ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ ታምጣ አለኝ። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና፣ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፣ የሚያሳፍረው ነገር ምን መሰላችሁ? ጥያቄው ትክክል መሰለኝ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ግማሽ መንገድ እስክሄድ ድረስ፣ ጀልባ መሸኛ አውጥታ እንደማታውቅ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ጫልቱ አታውራ ብላኛለች፤ አወራለሁ። ሃያ ሁለት አካባቢ የማስታወቂያ ማተሚያ ቤት ያለው ጓደኛ አለኝ። ቀለሙ ተዛብቶ አንድ ቤት ሻጭ ድርጅት አልቀበልም ያለው ትልቅ ባነር ነበረውና ሰጠኝ። በአጥርና በግድግዳው መካከል ወጠርኩት። ጥላ ሆነ፣ አየርም ያስገባል። ጽሑፉን ግን አላነበብኩትም። በነጋታው ጠዋት በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ወደ ሃያ የሚጠጉ ሰዎች ቆመዋል። ቀና ብዬ ባነሩን ከውጭ አየሁት። «ሕልምዎ ደጅዎ ደርሷል! ምዝገባ ጀምረናል» ይላል። ሥሩ ደግሞ ጀልባ።

ነገሩን ያቀጣጠለው አንድ ደላላ ነው። በአካባቢው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሊቆፈር መሆኑን ከራሱ ደርሶ አወጀ፤ ማስረጃውም የኛ ጀልባ ሆነች። ሰው ያለ ምክንያት ጀልባ ግቢው አያስገባም፣ ይኼ ሰውዬ ውስጥ አዋቂ ነው ተባልኩ። እኔ ውስጥ አዋቂ! የራሴን የደረጃ ዕድገት ከሁሉ ሰው በኋላ የሰማሁ ሰው። የምንመዘግበው ቤት የለም ብል ማን ይሰማኛል? አንዷ ሴትዮ በራሷ ደብተር የተራ ስም መጻፍ ጀምራለች። አባባ ተነስተው ሐይቅ እንዲህ በአንድ ቀን አይሠራም ቢሏቸው፣ እሳቸውን የድርጅቱ መሐንዲስ አድርገው ስንት ፎቅ እንደሚሆን ጠየቋቸው። ባነሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ተራ ያዢዎቹ ግን እስከ ሐሙስ አልተበተኑም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፀሐዩ አልቆመም። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ከሥራ ስገባ አባባ ከጀልባዋ ጎን ተንበርክከው አገኘኋቸው። አንድ ስንጥቅ አለ። ጣት አያስገባም፤ ወረቀት ግን ያስገባል። በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ ቤት ገብተው፣ ሻንጣቸውን ከበሩ ሥር አነሱና አቧራውን በመሐረባቸው ጠረጉ። ሰኞ እሄዳለሁ አሉ። ጫልቱ እዚያው ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልለመነቻቸውም፤ እኔን ብቻ አየችኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ አስተያየት ቤት ውስጥ መቀመጥ ቻልኩ ማለት ውሸት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መላው መጣልኝ። ድንኳን! ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ሰፊ፣ ፈቃድ የማይጠየቅበት። ድንኳን ሲተከል ደንብ አስከባሪም ቢሆን ባርኔጣውን ያወልቃል። የእድራችን ድንኳን ደግሞ መጋዘን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ችግሩ አንድ ነው፤ በመተዳደሪያ ደንባችን ድንኳን የሚወጣው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእድሩ ጸሐፊ ለጋሽ ምትኩ ስደውል፣ ጀልባ የምትለዋን ቃል ሆን ብዬ ልውጣት ወሰንኩ። አልዋሽም፤ እውነቱን ግን በቁንጽሉ ነው የምነግራቸው። ይህ መዝገብ ቤት የተማርኩት ሙያ ነው።

«ጋሽ ምትኩ፣ የአባባ ነገር አስጨንቆኝ ነው የደወልኩት» አልኩ። «ድንኳኑን ዛሬውኑ ባገኝ።»

«መቼ ነው?» አሉ።

«ከረቡዕ ጀምሮ ነው። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ነው ያለው።»

«ከረቡዕ ጀምሮ? ፀሐይ ላይ?»

«ምን ላድርግ ጋሽ ምትኩ፣ በበሩ አላስገባ አለኝ። ዛሬ ካልተከለለ ጨርሶ ይበላሻል።»

«በል በል፣ አሁኑኑ ይደርስልሃል» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «እግዜር ያጥናችሁ።»

ስልኩን ስዘጋ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በዚህ ከተማ ውስጥ፣ ስሟን እንኳ ሳልጠራ ነገሩ ገብቶት ለጀልባ የሚያዝን አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ እኮ ነው።

ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ጫልቱ ሃያ ሁለት የምትኖረው እህቷ ጋ ሄዳለች። አባባ የቅዳሜ ልማዳቸው ባቡር ነው፤ ከአያት ይሳፈሩና እስከ መጨረሻው ሄደው፣ ሳይወርዱ ይመለሳሉ። ሾፌሩ ሲያቆም ያንገጫግጫል እያሉ ይተቹታል እንጂ፣ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ማየት ደስ ይላቸዋል። የእድሩ ልጆች ድንኳኑን አምጥተው ተከሉት፤ ከጀልባዋ አልፎ እስከ መንገዱ ድረስ ወጣ። ሐዘን በተሞላ ፊት ነበር የሚሠሩት፤ ትሑት ልጆች ናቸው ብዬ አመሰገንኳቸው። ንፋስ እንዳይጥለው ጠንካራ ገመድ ልግዛ ብዬ ወጣሁ።

ገመዱን እየለካሁ ሳለ የእድራችን ጡሩንባ ተነፋ። ነፍስ ይማር አልኩ። ማን ይሆን ብዬ ከልቤ አዘንኩ። ጀልባዋን አስሬ እንደጨረስኩ ለቅሶው ላይ ብቅ ብዬ ስሜን ላስመዘግብ አሰብኩ፤ ምክንያቱም ስም ጥሪ አለ፣ ያልተገኘ በጉባኤ ይነሳል።

ገመዱን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስመለስ ደጃችን በሰው ተሞልቷል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጀልባዋ ላይ ጋቢ ተዘርግቶባት፣ አንድ ሽማግሌ አጠገቧ ቆመው ሳጥኑ እንዴት ትልቅ ነው፣ ለካ እንዲህ ግዙፍ ሰው ነበሩ እያሉ ይገረማሉ። ገመድ ተሸክሜ ወደ ቤት ስሮጥ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጠረጠረ። አራት ሰው ተረባርቦ ያዘኝ። ገመዱን ነጠቁኝ። አንዱ እያለቀሰ ተው ወንድሜ፣ ለልጆችህ እዘን አለኝ። ልጅ የለኝም። ከኋላ ደግሞ ለአማቱ እንዲህ የሚሆን ወንድ ዛሬ የት ይገኛል የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ ሮማን ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም።

አልሞቱም እኮ፣ አባባ ባቡር ላይ ናቸው ብዬ ጮህኩ። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው አሉ ጋሽ ምትኩ፤ አይታመንም፤ ውሃ ስጡት።

በዚህ መሃል ጫልቱ ደረሰች። ማንም ምንም አልነገራትም፤ በአገራችን ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ቶሎ ነይ፣ ትንሽ አሟቸው ነው ብለው ብቻ ጠሯት። ከታክሲ ስትወርድ ድንኳኑን አየች። አስፋልቱ ላይ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ብቻህን! ብቻህን!» አለች። እዚህ ላይ አልቀልድም። እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ያስቃል፣ ይህ ግን አያስቅም። ሰዎቹን በክርኔ ገፍቼ ወደሷ ልሄድ ስታገል ነው ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ የማውቀውን ባርኔጣ ያየሁት።

አባባ ቱፋ ቁጭ ብለዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከአንድ የማላውቀው ሰውዬ አጠገብ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከባቡር ወርደው ሲመጡ ድንኳኑን አይተው፣ የሞተው እኔ መሰልኳቸው። ደንግጠው ገብተው አጠገባቸው ያለውን ሰው ማን ነው የሞተው ሲሉት፣ የዚህ ቤት ሽማግሌ ናቸው፣ ባለ ጀልባው አላቸው። ደግ ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው እንባውን ጠርጎ፣ ሠላሳ ዓመት ነው የማውቃቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም አላቸው። አባባ አያት ከመጡ አራት ወር ነው። እንግዲህ ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ሲነገር ማን ተነስቶ ይሄዳል? ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው አዳመጡ።

የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ግን ተነሱ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ለቅሶ ቀጥ አለ። እትዬ ሮማን በስመ አብ ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። አባባ ማንንም ሳያዩ በአግዳሚዎቹ መካከል አልፈው፣ አስፋልቱ ላይ ልጃቸው አጠገብ ዝቅ አሉ። «አለሁ፣ ልጄ» አሏት። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። መቶ የሚሆን ሰው ቆሞ ያያል። ከዚያ አባባ ቀና ብለው ለቀስተኛውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ቱፋ ነው ስሜ» አሉ። «ስታለቅሱ ቶላ ነው ያላችሁት። ለማንኛውም ተቀመጡ፤ ንፍሮው ይቅረብ።»

ንፍሮውን በልተን ተለያየን። በማግስቱ እሁድ የእድሩ ኮሚቴ በአስቸኳይ ተሰበሰበ፤ እኔ እንደ ተከሳሽ፣ አባባ እንደ ሟች ተጠራን። እኔ የተፈረደብኝ ለአንድ ዓመት የእድሩን ወንበር እንድሸከም ነው፤ ተገቢ ነው። የከበደው የአባባ ጉዳይ ነው። ጋሽ ምትኩ መዝገቡን ገልጠው አሳዩን። ለአማት ድንኳን የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ወጥቷል። ጡሩንባ ተነፍቷል፣ ስም ተጠርቷል፣ ተፈርሟል። በመዝገብ የተጻፈ ነገር ደግሞ አይሰረዝም። በኔ በኩል አባባ ከእንግዲህ መሞት አይችሉም።

እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት አባባ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ራሴን ችዬ አባል ብሆንስ አሉ። ይቻላል አሉ ጋሽ ምትኩ፤ ግን ለአዲስ አባል ስድስት ወር መቆያ አለ፣ በነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ ቢሞቱ እድሩ አይደርስልዎትም። አባባ ለረጅም ጊዜ መዝገቡን አዩት። የትላንቱ ለቀስተኛ ስም ተራ በተራ ተጽፏል፤ ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ ያለውም ሰውዬ አለ።

«ግማሹ የመጣው ስም ጥሪውን ፈርቶ ነው» አሉ። እኔ አፈርኩ። «ዝዋይም እንዲሁ ነው» ብለው ብዕሩን ተቀበሉና ፈረሙ።

ሰኞ አልሄዱም። ሰኞ ጠዋት ጫልቱ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አጥታ ደንግጣ ስትጠራቸው፣ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመው ሸሚዛቸውን እየሰቀሉ አገኘቻቸው። ስድስት ወር በሻንጣ አይኖርም አሏት።

ለጀልባዋ ኮሚቴው ከአገልግሎት የወጣውን አሮጌውን ድንኳን ፈቀደልን። ተጣፍቶ ተጣፍቶ ያለቀ ነው፤ በየቦታው የተበሳ በመሆኑ አየር እንደልቡ ይገባል፤ አባባ ገና ሲያዩት ይኼ ነው አሉ። ስንጥቁን ራሳቸው በጥጥና በሬንጅ ደፈኑት። ያ የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው ጣሳውን ይዞላቸው ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣል፣ አሁን በእርግጥ ያውቃቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ድንኳኑ ላይ «መረዳጃ እድር» የሚለው ጽሑፍ በትልቁ እንደተጻፈ ነው፤ ሰፈሩን የማያውቅ መንገደኛ ሲያልፍ ያየዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ከመንገድ ታጥፎ ገባ። ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንን እንደሚያጽናና ሳያውቅ በደፈናው እግዜር ያጥናችሁ አለ። እኔ ላስረዳው ስነሳ፣ ጀልባዋ ውስጥ ጋደም ብለው የነበሩት አባባ ቀና አሉ።

«አሜን» አሉት። «ገና አምስት ወር ይቀረኛል። ግባና ተቀመጥ።»